«መኪናችሁን የት ልታቆሙ ነው?»

የእምነት ቤታችን ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ውስጥ ከገባሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። የየትኛው እምነት እንደሆነ የማልናገረው ሆን ብዬ ነው። ከተናገርኩ ግማሻችሁ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሳትደርሱ ትፈርዱልኛላችሁ፣ ግማሻችሁ ትፈርዱብኛላችሁ። ከተማውም ይቅር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሮጌ ቤት ያለበት ሰፋ ያለ ግቢ ገዛን። ገንዘቡ ከሰው ኪስ ጥቂት በጥቂት የተዋጣ ነው። ለጊዜው አሮጌው ቤት ውስጥ እየተጣበብን መሰብሰብ ጀመርን፤ ጎን ለጎን ደግሞ ቤቱን አፍርሰን አዳራሽ፣ የልጆች መማሪያ ክፍሎችና ቢሮ የምንሠራበትን ፕላን አሠርተን ለማዘጋጃ ቤቱ አስገባን። ወራት አለፉ። በመጨረሻ ጠሩንና እኔና ሰብሳቢያችን ሄድን።

ማን እንደሆንን፣ ምን እንደምናምን፣ ለምን እዚህ ሰፈር እንደመጣን የሚጠይቁን መስሎን ነበር። ሰብሳቢያችን ሌሊቱን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ አድሮ አንድ ገጽ ንግግር ጽፏል። አጣጥፎ በደረት ኪሱ ይዞታል። ፕላን የምትመረምረው ባለሙያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ በእርሳሷ ጫፍ የአዳራሹን ወንበሮች በረድፍ በረድፍ እየነካካች ቆጠረች፤ ከዚያ ቀና ብላ «መኪናችሁን የት ልታቆሙ ነው?» አለችን። በቃ። ንግግሩ ከኪስ ሳይወጣ ተመለሰ።

ስንወጣ ተናደን ነበር። «ሰበብ ነው» አለ ሰብሳቢያችን። እኔም «ሰበብ ነው» አልኩ። የአምላክ ቤት እንሥራ ሲሏቸው ስለ ፓርኪንግ የሚያወሩ ሰዎች! ለሳምንት ያህል ላገኘሁት ሰው ሁሉ ስደት ላይ እንዳለን አወራሁ።

ከዚያ የጎረቤቶች ስብሰባ መጣ። ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ጎረቤት ይሰማ ይላል ደንቡ። ከግቢያችን ቀጥሎ ያሉት ባልቴት ተነሱ። «ስለ እምነታችሁ የምለው የለኝም፤ ጸልዩ፣ ለእኔም ጸልዩልኝ» አሉ። ቀጥለው ከቦርሳቸው በላስቲክ የታሰረች ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አወጡ። መነጽራቸውን አደረጉና ማንበብ ጀመሩ። ቀን፣ ሰዓት፣ የሰሌዳ ቁጥር። ቀን፣ ሰዓት፣ የሰሌዳ ቁጥር። በራቸው ላይ የቆመባቸው መኪና ሁሉ ተመዝግቧል፤ አሥራ አራት ነበር። ከነዚህ በአንዱ ቀን የሐኪም ቀጠሮ ነበራቸውና ልጃቸው መኪናውን ከግቢ ማውጣት አቅቶት ቀጠሮው አልፏቸዋል። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

ዘጠነኛው ሰሌዳ የእኔ ነበር።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ቀኑንም አስታወስኩት፤ አርፍጄ፣ አሥር ደቂቃ ነው ብዬ፣ ሁለት ሰዓት ቆይቼ ነበር። ማንም ወደ እኔ አላየም፤ ሰሌዳዬን በቃሉ የሚያውቅ የለማ። እኔ ግን አወቅኩ።

ከዚያ ወዲህ አንድ እንግዳ ሱስ ያዘኝ። ማታ ማታ የእምነት ተቋማትና የከተማ አስተዳደሮች በመሬት የተካሰሱበትን ታሪክ ማንበብ። አገሩ ይለያያል፣ ሃይማኖቱ ይለያያል። መዝገቡ ላይ የተጻፈው ግን ስለ አምላክ አይደለም። ስለ መኪና ማቆሚያ፣ ስለ ትራፊክ፣ ስለ ጩኸት፣ ስለ ፍሳሽ ነው። ጥላቻም ካለ እዚያ ውስጥ ተደብቆ ነው የሚኖረው፤ እውነተኛ ችግርም ካለ እዚያው ውስጥ ነው ያለው። ሁለቱን መለየት ነው ጣጣው።

በጣም የገረመኝ የአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ክፍለ ግዛት ታሪክ ነው። ባስኪንግ ሪጅ የሚባል ሰፈር፣ በርናርድስ ታውንሺፕ በሚባል የከተማ አስተዳደር ውስጥ። የአካባቢው እስላማዊ ማኅበር በ2012 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) መስጊድ ለመሥራት አመለከተ። ትልቅ ነገር አይደለም፤ 150 ሰው የሚይዝ ነው። የማኅበሩን ፕሬዚዳንት መሐመድ አሊ ቻውድሪን ደግሞ ከተማው አሳምሮ ያውቃቸዋል፤ የዚያው ታውንሺፕ ከንቲባ የነበሩ ሰው ናቸው! የማዘጋጃ ቤቱን ወንበር ከሁለቱም በኩል የተቀመጡበት ሰው ማለት ነው።

ስንት ጊዜ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ስብሰባ ተደረገ መሰላችሁ? 39። ሠላሳ ዘጠኝ! ወደ አራት ዓመት የሚጠጋ። እኔ አንዱን ስብሰባ እንኳ ላብ በላብ ሆኜ ነው የወጣሁት። በደንቡ ለአብያተ ክርስቲያናት ለሦስት መቀመጫ አንድ የመኪና ማቆሚያ ነበር የሚጠየቀው። 150 ለሦስት ሲካፈል 50 ነው፤ ይህን የሦስተኛ ክፍል ተማሪም ያውቀዋል። ማመልከቻውን የሚመረምረው የታውንሺፑ የፕላን ቦርድ ግን 107 ይሁን አለ። ማቆሚያው ሲሰፋ ግቢው ይጠብባል፣ የዝናቡ ውሃ የሚሄድበት ይቀየራል፣ ለጎረቤት አጥር መተው ያለበት ርቀት ይበላል። አንዱን ጥያቄ ስትመልስ ሌላው ይወለዳል። በመጨረሻ ማመልከቻው ተከለከለ።

እዚህ ላይ ለቦርዱም ጥብቅና ልቁም እስኪ። ጥያቄው ራሱ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። የጁምዓ ሰላት ዓርብ ቀትር ላይ ነው፣ የሥራ ቀን ነው፣ ሰው ከየቢሮው ለየብቻው እየነዳ ነው የሚመጣው፤ እንደ እሑድ ማለዳ ቤተሰብ ተጭኖ በአንድ መኪና አይመጣም። ስለዚህ ብዙ መኪና ሊመጣ ይችላል ማለት ስህተት አይደለም። ግን እንዲህ ያለውን ስሌት ለሌላው ቤተ እምነት ሠርታችሁ ታውቃላችሁ ወይ? አልሠሩም። ለቤተ ክርስቲያኑም ለምኩራቡም አንድ ለሦስት ብለው አልፈዋል። ማኅበሩ በ2016 ከሰሰ፤ የፍትሕ ሚኒስቴሩም በዚያው ዓመት ለብቻው ክስ መሠረተ። የፌዴራሉ ዳኛ ማይክል ሺፕ በ2016 የመጨረሻ ቀን፣ በዲሴምበር 31፣ በፓርኪንጉ ጉዳይ ለማኅበሩ ፈረዱ። በ2017 ታውንሺፑ 3.25 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎ መስጊዱ እንዲሠራ ተስማማ። ከዚህ ውስጥ 1.75 ሚሊዮኑ የጠበቃ ወጪ ነው። በካሳ ከተከፈለው የጠበቃው በለጠ!

ነገሩ ሁሉ በአንድ ቁና መስፈር ነው። ቁናው ትልቅ ይሁን ትንሽ ሌላ ጨዋታ ነው። ለአንዱ በአንድ ቁና፣ ለሌላው በሌላ ሲሆን ግን ያኔ «ፓርኪንግ» የሚለው ቃል ፓርኪንግ መሆኑ ቀርቷል።

በካሊፎርኒያ ሰተር ካውንቲ (አውራጃ) ውስጥ ደግሞ የሲኮች፣ ከሕንድ የመነጨ እምነት ተከታዮች፣ ማኅበር ነው። ከ75 የማይበልጥ ሰው የሚሰበሰብበት ትንሽ ቤተ መቅደስ ፈለጉ። መጀመሪያ ያመለከቱት ሁለት ኤክር በማይሞላ (አንድ ሄክታር እንኳ አይሆንም) የመኖሪያ ሰፈር ቦታ ላይ ነበር። ጎረቤቶች ጩኸትና ትራፊክ አሉ፣ ተከለከለ። እሺ ብለው ከሰው ራቅ ያለ 28 ኤክር የሚያልፍ የእርሻ መሬት ገዙ። አሁንስ? ከከተማው ርቋል፣ የተበታተነ ልማት ያመጣል ተባለና ተከለከለ። ቀረብ ሲሉ ረበሻችሁ፣ ራቅ ሲሉ ራቃችሁ! በዚያው የእርሻ ቀጣና ውስጥ ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። ማኅበሩ በ2006 የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት ላይ ረታ።

ሳይፕረስ የምትባለው የዚያው የካሊፎርኒያ ከተማ ደግሞ ጭምብሉን ጭራሽ አውልቃ ነው የመጣችው። አንድ የክርስቲያን ጉባኤ 18 ኤክር ገዝቶ ለመሥራት ሲል፣ ከተማዋ መሬቱን በግዳጅ ወስዳ ለኮስኮ መደብር ልትሰጥ ተነሳች። ምክንያቱ አይገርምም፤ ቤተ እምነት ግብር አይከፍልም፣ መደብር ይከፍላል። በ2002 ፍርድ ቤት አገደው፤ በኋላ በመሬት ልውውጥ ተስማሙ። ስለዚህኛው ብዙ አልልም። ግን ማዘጋጃ ቤቶች አፍ አውጥተው የማይናገሩት አንዱ እውነት ይህ ነው። መሬት ሲያዩ ገቢ ነው የሚያዩት፤ እኛ ደግሞ ገቢ የለንም።

እነዚህ ክሶች ሁሉ የሚደገፉበት አንድ የአሜሪካ ሕግ አለ፤ በ2000 ነው የወጣው። አጭሩ ትርጉሙ፦ የመሬት አጠቃቀም ደንብ ያለ ከባድ ምክንያት ሃይማኖትን እንዳያፍን፣ ቤተ እምነትንም ከሌላ መሰብሰቢያ ባነሰ ሁኔታ እንዳያይ። የሕጉ መወለድ ራሱ ከሌላ የግንባታ ጠብ ጋር የተያያዘ ነው። በቴክሳስ ቦርኒ ከተማ በ1923 የተሠራ የቅዱስ ጴጥሮስ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነበር። 230 ሰው ያህል ነው የሚይዘው፤ ሰው በዛበትና ይስፋ ተባለ። ከተማው ቅርስ ያለበት ቀጣና ነው ብሎ ከለከለ። ሊቀ ጳጳሱ ከሰሱ፣ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ1997 ቤተ ክርስቲያኑ ተሸነፈ። ክሱን የደገፈው የ1993ቱ የሃይማኖት ነፃነት ሕግም በክፍለ ግዛቶችና በከተሞች ላይ እንደማይሠራ ተወሰነ። የ2000ው ሕግ የመጣው ያንን ቀዳዳ ለመድፈን ነው። በኋላ ግን እዚያው ቦርኒ ምን ሆነ? ተስማሙ። የአሮጌው ሕንፃ አብዛኛው ክፍል ሳይነካ ከኋላው አዲስ ሰፊ አዳራሽ ይቀጠል ተባለ። በዚያች አገር ከፍተኛው ፍርድ ቤት ድረስ የተሄደበት ጠብ በአንድ የአርክቴክት ሥዕል ተፈታ ማለት ነው።

ይህን ሳነብ ሳቅም መጣብኝ፣ ቁጣም መጣብኝ። መጀመሪያ ለምን አልሳሉትም?

ከሁሉም የወደድኩት ግን የእንግሊዙን ነው። ሌችሞር ሂዝ የምትባል ትንሽ መንደር አለች፣ ከለንደን ሰሜን ምዕራብ፣ ሃርትፎርድሺር ውስጥ። በ1973 የቢትልስ የሙዚቃ ቡድኑ ጆርጅ ሃሪሰን እዚያ አንድ ትልቅ ቤት ገዝቶ ሐሬ ክሪሽና ለሚባለው የሂንዱ እምነት ማኅበር ሰጠ። ሲጀመር የሃይማኖት ትምህርት ቤት ነበር የተባለው። እየቆየ ግን ለመላው የብሪታንያ ሂንዱ የሚሳለሙት ቦታ ሆነ። በበዓል ቀን ሺዎች ይመጣሉ፤ መንገዱ ደግሞ በመንደሯ መካከል የሚያልፍ ጠባብ መንገድ ነው። እስቲ አስቡት፤ በዓመት አንዴ ሁለቴ ደጃፋችሁ የአውቶቡስ መናኸሪያ ሲሆን። ባለ ማስታወሻ ደብተሯ ባልቴት እዚያ ቢኖሩ ኖሮ ስንት ደብተር ይጨርሱ ነበር!

የአካባቢው ምክር ቤት በ1980ዎቹ የሕዝብ አምልኮ ይቁም ብሎ ትእዛዝ አወጣ። ይግባኝ አሉ፣ ተሸነፉ። የአውሮፓ ሰብአዊ መብት ኮሚሽን ድረስ ሄዱ፣ በ1994 እዚያም አልተሳካም። በዚያው ዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለንደን ላይ ሰልፍ ወጡ። ምክር ቤቱ «መንደሯ አልቻለችም» ይላል፣ እነሱ «እምነታችን ተከለከለ» ይላሉ፤ የሚያሳዝነው ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

በ1996 በምን ተፈታ? በመንገድ። ማኅበሩ አጠገቡ ያለውን የእርሻ መሬት ገዝቶ ነበር፤ መንደሯን ሳይነካ ከዋናው መንገድ በቀጥታ ወደ ግቢው የሚያስገባ የራሱን መንገድ ይሥራ ተባለና መንግሥት ፈቀደ። አለቀ። ዛሬም ሰው እዚያ ይሰበሰባል። የመንገዱን ሐሳብ ምክር ቤቱ ቀደም ብሎ ቢቀበለው ኖሮ ስንት ዓመት፣ ስንት የጠበቃ ገንዘብ ይተርፍ ነበር? ማኅበሩስ «የትምህርት ቤት ነው» ተብሎ የተጀመረው ነገር ሌላ መሆኑን ገና ሲያይ ለጎረቤት ቢናገር? ይኼኛው ጥያቄ እኛንም ይነካል። የእኛ አሮጌ ቤትም በወረቀት መኖሪያ ቤት ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለእምነት ተቋማት ያደላ ይመስላል። አይደለም። አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ የሆነውን የሚያውቅ ሰው የማዘጋጃ ቤትን ፍርሃት ሙሉ በሙሉ ሊስቅበት አይችልም። በ1981 ራጅኒሽ የሚባል ሕንዳዊ መንፈሳዊ መሪ ተከታዮች 64,000 ኤክር የከብት እርባታ መሬት ገዙ፤ ወደ 26,000 ሄክታር ነው። በኦሪገን ሕግ የእርሻ መሬት ላይ እንዲሁ ተነስቶ ከተማ መቆርቆር አይቻልም። እነሱ ግን ቆረቆሩ፤ ሺዎች ሰፈሩበት። ሲከሰሱ አጠገባቸው ያለችውን፣ ከሃምሳ ያልበለጠ ነዋሪ የነበራትን አንቴሎፕን በምርጫ ወስደው ስሟን እስከ መቀየር ደረሱ። በ1984 የአውራጃውን ምክር ቤት ለመያዝ ሲሉ ቤት የሌላቸውን ሰዎች በአውቶቡስ እያመጡ ለመራጭነት አሰፈሩ። ለጉብኝት የሄዱ ሁለት የአውራጃው ባለሥልጣናት በሳልሞኔላ የተበከለ ውሃ ጠጥተው ታመሙ። ቀጥሎ መራጩ ከቤት እንዳይወጣ በሚል ዘ ዳልስ በሚባለው ከተማ ምግብ ቤቶች ውስጥ ያለውን ሰላጣ በከሉት፤ 751 ሰው ታመመ። የመሬት ጠብ ነበር እኮ የተጀመረው!

ሁሉም እምነት እንዲህ ይሆናል ማለቴ አይደለም፤ ወንጀሉም የጥቂት መሪዎች ነበር። «የአምላክ ሥራ ነውና ደንብ አይመለከተንም» የሚለው አነጋገር ግን የሚጀምረው በትንሽ ነው። አሥር ደቂቃ ነው ብሎ የሰው በር ላይ መኪና ማቆምን ያህል በትንሽ።

የስዊሱ ነገር ደግሞ በተቃራኒው። ቫንገን በምትባል ትንሽ ቦታ የቱርኮች ማኅበር ስድስት ሜትር ሚናራ ልሥራ ብሎ አመለከተ። የአካባቢው የግንባታ ኮሚሽን ከለከለ፣ ጉዳዩ በይግባኝ ተፈቅዶ በ2009 ተሠራ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ግን መላው አገር ድምፅ ሰጥቶ በ57.5 በመቶ አዲስ ሚናራ መሥራትን በሕገ መንግሥት ከለከለ። በአገሩ የነበሩት ሚናራዎች አራት ነበሩ። አራት። ይኼ የጎረቤት አቤቱታ አይደለም፤ የማንም በር አልተዘጋም።

ወደ እኛ ልመለስ። ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ ተመልሼ ሄድኩ፤ ለብቻዬ፣ ያለ ንግግር። ባለሙያዋን «ለስንት ወንበር ነው አንድ ማቆሚያ የምትጠይቁት? ለቲያትር ቤትና ለስብሰባ አዳራሽስ?» አልኳት። ቅር የሚላት መስሎኝ ነበር። ደንቡን ገልጣ፣ በዚያችው እርሳሷ መስመሩን አሳየችኝ። ቲያትር ቤት፣ የስብሰባ አዳራሽ፣ ቤተ እምነት፤ አንድ መስመር ላይ፣ አንድ ቁጥር። ፎቶ ላንሳው አልኩ፤ አንሳው አለችኝ። እውነቱን ልናገር? ትንሽ ከፋኝ። ተበድያለሁ ብሎ ሳምንት ሙሉ ያወራ ሰው እንዳልተበደለ ሲያውቅ የሚሰማው ዓይነት ነገር ነው።

ኮሚቴው ላይ ሁለት ቀን ተጨቃጨቅን። ሰብሳቢያችን እስካሁን ሙሉ በሙሉ አላመነም፤ ፎቶውን ሦስት ጊዜ እያጎላ አየው። በመጨረሻ ከአዳራሹ ስልሳ ወንበር ቀነስን፣ የመማሪያ ክፍሎቹን ወደ ኋላ ገፋን፣ ከፊት ለፊት ማቆሚያ ወጣ። በትልልቅ የስብሰባ ቀናት ሁለት ወጣቶች አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው የባልቴቲቱ በር ላይ እንዲቆሙም ተደረገ፤ ይኼ የማንም ደንብ አይደለም፣ የእኛው ነው።

የተስተካከለውን ፕላን ባለፈው ወር አስገባን። ትናንት ተጠራሁ። ያችው ጠረጴዛ፣ ያችው እርሳስ። ማቆሚያውን ቆጠረች፣ ጨረሰች፣ ራሷን ነቀነቀች፤ ተመስገን አልኩ በልቤ። ከዚያ እርሳሷን ማቆሚያው ላይ አሳርፋ «ይኼ ሁሉ አስፋልት ሲሆን የዝናቡ ውሃ ወዴት ሊሄድ ነው?» አለችኝ።

ግቢው ተዳፋት ነው፤ የሚያዘነብለውም ወደ ባልቴቲቱ አጥር ነው። የፍሳሽ መውረጃው ሥዕል በሁለት ሳምንት ውስጥ መግባት አለበት። ነገ ሜትሬን ይዤ እሳቸው ቤት እሄዳለሁ። በእግሬ።